የመስኮቱ ወንበር

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ጉብታ ላይ ተሳፋሪ እያነጠረ ሲነዳ የሚውል ሰው፣ ያን ዕለት ግን ከጓደኛው በተዋሳት ትንሽ መኪና እኔን ከክሊኒክ ወደ ቤት ሲመልስ እያንዳንዷን ጉብታ በአንደኛ ማርሽ፣ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚያልፋት። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩንባውን አቀለጡት። አንዱ በጎን ሲያልፈን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» አለው። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ «አልተሳሳተም እኮ» አለ። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ራሱ ሆዴን እንዳያናውጠው ፈርቼ አቆምኩ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ሳቅ ፅንስ እንደማያስወርድ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን እውቀት ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ ነው።

የገባልኝ ፅንስ አንድ ነው። ከእኔ እንቁላልና ከእሱ ዘር ክሊኒክ ውስጥ ተዳቅለው ከተገኙት ፅንሶች ሌሎቹ በየተራቸው ገብተው አልያዙም። የቀረን ይህ ብቻ ነበር፤ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ከረመ። ሐኪሙ ከማስገባቱ በፊት ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ «ከዚህ በኋላ እንደገና እንቁላል እናውጣ አልልሽም፤ የሚወጣም የቀረ አይመስለኝም» ብሎኛል። ሰውየው ቅን ነው፤ ነገር አያሽሞነሙንም። እኔም የምወደው ስለዚህ ነው፣ የጠላሁትም ያን ቀን ስለዚህ ነው።

ፅንሱን ሲያስገቡልኝ ባሌ ራስጌዬ ቆሞ ስክሪኑን ያይ ነበር። በጥቁሩ መሃል አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ አለች። «አየሁት» አለኝ ጆሮዬ ሥር። ያየው ፅንሱን አይደለም። ፅንስ በዚያ ስክሪን ላይ አይታይም፤ ነጯ ነጥብ ከፅንሱ ጋር አብራ የምትገባ የአየር አረፋ ናት። እኔ ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ማለት የማልችል ሴት ነኝ፤ በዚህ ጠባዬ ከጎረቤትም ከአለቃም ተጣልቻለሁ። ያን ቀን ግን ምላሴን ያዝኩ። ለእናቱ ስልክ ደውሎ «ልጄን አየሁት፣ ያበራል» ሲላቸው እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቤት ስንደርስ አማቴ ሻንጣቸውን ይዘው ገብተው ነበር። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም እንዳይመጡ ሊከለክላቸውም አይችልም። አልጋው ላይ አጋደሙኝና ሆዴን በዓይናቸው እየመዘኑ ጥያቄ ጀመሩ።

«በረዶ ውስጥ ነበር አይደል የከረመው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ አይበርደውም?»

«አይበርደውም። አሙቀው ነው ያስገቡት።»

«እነሱ ምን ገዷቸው፣ የነሱ ልጅ አይደል» አሉና ከአንገታቸው ላይ የሱፍ ሻርፓቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ ጠመጠሙት። ሻርፑ ያሳክካል። ላውልቀው ብል ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አንጀቴን በላው፣ ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛም ስነሳም ያ ሻርፕ ከወገቤ አልወረደም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሰማውም አንድ ቃል ነበር፤ ቁጭ በይ። ብርጭቆ ላነሳ ስል ቁጭ በይ። መስኮት ልከፍት ስል ቁጭ በይ። ጥርሴን ልቦርሽ ስነሳ እንኳ አማቴ ወንበር ይዘው እስከ መታጠቢያው ድረስ ይከተሉኛል። ሐኪሙ እንደ ወትሮሽ ተንቀሳቀሺ፣ ከባድ ነገር ብቻ አታንሺ እንዳለኝ ደጋግሜ ነገርኳቸው። «ሐኪም ምን ያውቃል፣ ወንድ ነው» አሉኝ። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ልጅዎን ሲያረግዙ ቁጭ ብለው ነበር?»

«እኔማ እስከ ምጤ ቀን ድረስ ውሃ ስቀዳ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔን ቁጭ በይ የሚለኝ ሰው የት ነበርና?»

ቁጭ አልኩ።

አመሻሹ ላይ መርፌ አለኝ። ማህፀኔን የሚያጸና መድኃኒት ነው፣ በወፍራም ዘይት የተበጠበጠ፤ ዳሌ ላይ ነው የሚወጋው። በሥራዬ የስንቱን ክንድ ስወጋ የኖርኩ ሰው የራሴ ዳሌ ላይ እጄ አልደርስ አለኝ። ስለዚህ ባሌን አሠለጠንኩት። ያን ሁሉ ብረት በሁለት ጣት የሚያዞር ሰው ትንሿን ስሪንጅ ሲይዝ እጁ ይርገበገባል። «ዶክተሬ፣ እዚህ ጋ ነው?» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ከተጋባን ጀምሮ እንደዚህ ነው የሚጠራኝ። «ትንሽ ከፍ በል» እለዋለሁ። ወግቶኝ ሲጨርስ የሚቀመጠው እሱ ነው፣ ላብ በላብ ሆኖ፤ ውሃ የማጠጣው ደግሞ እኔ።

መድኃኒቱ ጡቴን አሳበጠው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አሰኘኝ፣ የሳሙና ሽታ እንኳ አስጠላኝ። ባሌ ይሄን ሁሉ እያየ ፊቱ ይበራል። «ምልክት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ አውቃለሁ፤ ፅንስ ቢይዝም ባይዝም መድኃኒቱ ራሱ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ያመጣል። ሌላ ሴት ብሆን ጡቴን በነካሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያለማወቅ እንዲህ ያስቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሆዴ ላይ እጄን ማሳረፍም ፈራሁ። ሌሎቹ ፅንሶች ሲገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆዴን ስዳብስ፣ ሳናግር ነበር፤ በኋላ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ውጤቱ ሳይመጣ ሆዴን አልነካም።

ቤት መዋሉ ሊያሳብደኝ ሲል ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ደም እንቀዳለን፣ ማሽን ላይ እንጭናለን፣ ውጤቱን በፖስታ አሽገን በመስኮት እናቀብላለን። ውጤቱን የሚያስረዳው ሐኪም ነው፣ እኛ አንናገርም። ሕጉ እንደዚያ ነው። ሰው ግን ፖስታውን ሳይሆን ፊታችንን ነው የሚያየው።

እኛ ጋ አንድ ወንበር አለ። ሁልጊዜ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ይቀመጣል፤ ማንም አይቀመጥበትም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ፖስታዋን እዚያው መስኮቱ ሥር ከፍታ ስታነብ ራሷን ስታ ወደቀች፣ የወለሉ ሴራሚክ ግንባሯን ፈነከታት። ከዚያ ወዲህ እኔ ልማድ አወጣሁ። ፖስታው ውስጥ ያለው ነገር ለሚቀበለው ሰው ከባድ ከሆነ አንዳችን በጎን በር ወጥተን ወንበሩን መስኮቱ ሥር እናስቀምጣለን። «ቁጭ በይ፣ ትንሽ ይቆያል» እንላለን። የሚቆይ ነገር የለም፤ ፖስታው ታሽጎ በእጃችን ነው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ አረፍ እስኪሉ፣ መሬቱን እስኪይዙ ነው። ታካሚ ይህን አያውቅም፤ ደግ ሰዎች ናቸው ይላል፣ ያመሰግነናል። የአንዱ እግር ጎማ ስለወለቀ ወንበሩ ሲጎተት ሲጢጥ ይላል። ጥገና ክፍልን «እሺ ነገ» ሲሉን ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ያ ድምፅ ሲሰማ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሥራችን ላይ እናተኩራለን።

ወንበሩን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ መርፌ ናት። መርፌ የምንላት የሥራ ጓደኛዬን ነው፤ ቀጭን ናት፣ እጇም ሳያሳምም ይወጋል። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እትዬ ነው የምትለኝ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ስለ እሷ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ሲደመር አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

በተመለስኩ ሰሞን አንዲት የኮሌጅ ተማሪ መጣች። የእርግዝና ምርመራ ውጤቷን ስትጠብቅ ጣቷን ትነክስ ነበር። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ሳይ ዓይኔን አላመንኩም፤ ትልቅ ቁጥር ነው፣ እርግዝናው በደንብ ይዟል። ለእኔ ቢሆን መንገድ ለመንገድ እየዘለልኩ ነበር ቤቴ የምገባው። መስኮቱ ላይ ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማ ከንፈሯ ደርቋል፣ አብሯት የመጣ ሰው የለም። ለመርፌ በአንገቴ ምልክት ሰጠኋት። ወንበሩ ሲጢጥ እያለ ወጣ። ልጅቷ ፖስታውን ከፍታ ፊቷን በሁለት እጇ ስትሸፍን እኔ ማሽኑን እያጸዳሁ ነበር። ተናድጄ ነበር፤ በእሷ አይደለም፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የማይፈልገው ሰው በር ላይ አስቀምጦ የሚሄድ፣ የሚለምነውን ሰው ደግሞ አልሰማሁም የሚል ማነው?

የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ደሜ እዚሁ ነው፣ መርፌው እዚሁ ነው፣ ማሽኑም እዚሁ ነው። ሐኪሙ እኔ ካልኩሽ ቀን በፊት እንዳትመረመሪ፣ ቀድሞ የሚመጣ ቁጥር ይዋሻል ብሎኛል። ይሄን ለስንት ሰው ራሴ ስናገር ኖሬያለሁ። ሆኖም የክንድ ማሰሪያውን ጎማ ግራ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ስስብ መርፌ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። መጥታ ከጎኔ ቆመች። ከጥርሴ ላይ ጎማውን ቀስ አድርጋ ወሰደችና ፈታችው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እትዬ» አለች።

«ማወቅ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ብታውቂ ምን ታደርጊያለሽ?»

አሰብኩ። ምንም። ይዞም እንደሆነ አጥብቄ ላቆየው አልችልም፤ አልያዘም እንደሆነ እንዲይዝ ላደርገው አልችልም። ማወቅ ሥራዬ ነው፤ ግን አንድም ቀን ማወቄ ደም ውስጥ ያለውን ነገር ለውጦ አያውቅም። መርፌ ጎማውን ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ምሳዋ ሄደች። እኔ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

የመመርመሪያው ቀን ሲደርስ ባሌ ሌላ ቦታ እንሂድ አለኝ። «የራስሽ ሰዎች ፊት ምን ያደርግልሻል?» አለ። ልክ ነበር። ግን የሌላውን ሰው ማሽን አላምንም፤ ማን እንዳጸዳው፣ ማን እንዳስተካከለው አላውቅም። የእኛን ማሽን ግን እንደ ልጄ ነው የማውቀው። በዚህ እብሪቴ ነው ራሴን ገመድ ውስጥ ያስገባሁት።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ሻርፑን እንደገና አጠበቁልኝ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ወጣሁ። ባሌ ፈቃድ ወስዶ ነበር፣ ያችኑ ትንሽ መኪና ተውሶ በዚያው በአንደኛ ማርሽ ወሰደኝ።

ደሜን የቀዳችው መርፌ ናት፤ ሲገባም ሲወጣም አልተሰማኝም። ልነሳና ቱቦውን ራሴ ማሽኑ ላይ ልጭን ስል አለቃችን ትከሻዬን ይዞ ወደ በሩ አዞረኝ። «ዛሬ ታካሚ ነሽ» አለኝ። በዚያ በር ስንቴ ገብቼ ስንቴ ወጥቻለሁ፤ ከኋላዬ ሲዘጋ ሰምቼው ግን አላውቅም።

ያን መስኮት ከውጭ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ውስጥ ለማየት ሰው ጎንበስ ማለት አለበት። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው አጎንብሶ ሲያየኝ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። የአዳራሹ አግዳሚዎች ሞልተዋል፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ባሌ ተናደደ።

«እዚህ እየሠራሽ ለአንቺ እንኳ መቀመጫ ይጠፋል?»

«መቀመጥ አልፈልግም።»

«እንዴት አትፈልጊም፣ ቁጭ ማለት አለብሽ እኮ። ልጠይቃቸው?»

«እንዳትጠይቅ» አልኩት። ድምፄ ከረረ መሰለኝ፣ አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ባሌ ግራ ተጋብቶ እጁን ኪሱ ከተተ። ስለ ወንበሩ ነግሬው አላውቅም። የሥራ ቤት ነገር ነው፤ ለማን ይነገራል?

ጆሮዬን ወደ ውስጥ ጣልኩ። እያንዳንዱን ድምፅ አውቀዋለሁ። ማሽኑ ደሙን ሲመጥ አንዴ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ሲጨርስ ጢጥ ይላል። ጠበቅኩ። ሌላ ሰው መጥቶ የራሱን ፖስታ ወሰደ፣ ሌላዋም መጣች። ባሌ ስለ መኪናዋ ያወራኛል፤ ፍሬኗ ጠንከር ይላል፣ ልጅ የሚያዝባት መኪና ግን እንዲህ ዓይነት ናት፣ በሩም ሰፊ ነው ይላል። አዎ እለዋለሁ። ማሽኑ ጢጥ አለ።

ከዚያ ወረቀቱ ሲወጣ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ወረቀቱን አንድ ሰው እያነበበው ነው፤ አሁን ሌላው ሰው እየተቀበለው ነው። የእኔን ዕድሜ የሚያክል ነገር በሁለት ሰው እጅ መካከል እያለፈ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። አሁን ከሆነ አሁን ነው፤ ወንበሩ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ይነሳል፣ ሴራሚኩ ላይ ይጎተታል። ሲጢጥታውን ጠበቅኩ።

ምንም አልሰማሁም።

ትንሽ ቆየሁ። አሁንም ምንም። ውስጥ የሚራመድ ሰው እግር ይሰማኛል፣ የወንበር ድምፅ ግን የለም። አይጎተትም፤ ስለዚህ አያስፈልገኝም፤ ስለዚህ ይዟል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። እኔን እያሳሳቀኝ ነበር፣ ግን ያኔ አላወቅኩም። አንዴ ባሌን አየሁት፣ ስለ መኪናዋ በር እያወራ ነው። ያወጣሁትን ሕግ ጥሼ ቀኝ እጄን በሻርፑ ላይ አሳልፌ ሆዴ ላይ አሳረፍኩ። ሞቅ ያለ ነበር።

የጎን በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው የመርፌ ጀርባ ነው፤ በሩን በጀርባዋ ገፍታ እየወጣች ነበር። ዞር ስትል ወንበሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ተሸክማዋለች። እንዳይጎተት። እንዳይሰማኝ። ክንዶቿ ቀጫጭን ናቸው፣ ከብረት የተሠራ ወንበር ነው፣ ከብዷት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያስተማርኳትን ፊት አድርጋለች፤ ምንም የማይነበብበት ፊት። ዓይኗን ግን ወደ እኔ ማምጣት አልቻለችም።

ባሌ ሲያያት ፊቱ ፈካ። ሮጦ ተቀበላት።

«ጎሽ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ፣ ይሄን ብቻሽን ትሸከሚያለሽ? አምጪው» አለና ወንበሩን ከእጇ ወስዶ መስኮቱ ሥር አደረገው። ሲያስጠጋው ሲጢጥ አለ። በመስኮቱ ውስጥ አየሁ፤ አለቃችንም፣ ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ።

«አየሽ?» አለኝ ባሌ። «አንቺ ትቆጫለሽ እንጂ ሰዎቹ ይወዱሻል። በይ ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። እጄን ከሆዴ ላይ አላነሳሁትም። ባሌ ጎንበስ ብሎ የሻርፑን ጫፍ አጠበቀልኝና ወደ መርፌ ቀና አለ።

«ትንሽ ይቆያል እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

መርፌ ወለሉን እያየች ነበር። ፖስታው ከነጭ ጋወኗ ኪስ ጫፉን አውጥቷል።

«ትንሽ ይቆያል» አለችው።

«ችግር የለም» አላት ባሌ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ። «እንጠብቃለን።»